ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

ባዶ ጠርሙስ ጀርም ይገድላል?

ወይዘሮ ይርጋለም ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ጠየቁ። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ የተቀደደ ፖስታ፣ ከፖስታው የወጣ ግማሽ ገጽ ወረቀትና ዓርብ ዕለት ከሲልቨር ስፕሪንግ በፋክስ የመጣ የውጤት ሰንጠረዥ ተዘርግቷል። እሳቸው በሚኖሩበት፣ አሜሪካ ባለው ላንድማርክ ሕንፃ፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ሰው እየተላቀሰ ነው።

የሞቱት መሪጌታ ሠረቀብርሃን ናቸው። ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ሩሃማ ከሆቴል ሥራዋ ስትመለስ ሳሎን ወለል ላይ አገኘቻቸው። ፊታቸው አብጧል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ቀኝ እጃቸው የኮታቸውን ኪስ እንደጨበጠ ደርቋል። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ለጊዜው በአንድ ቃል አለፈው፤ አለርጂ። መሪጌታ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰው ነበሩ። ከዓመታት በፊት በአንድ እንክብል ሞተው የተነሡ ስለሆኑ፣ እንደ እስክሪብቶ ያለ የአድሬናሊን መርፌ ከኪሳቸው አይለይም ነበር። ወዳጆቻቸው ሁሉ ይህን ያውቃሉ። «እኔን ለመግደል ጥይት አታባክኑ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሟቹ የቅጠል አዋቂ ናቸው። እሳቸውና ሦስት ሰዎች ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ የምንጣፍ መደብር በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው የአገር ቤት ቅጠሎችን ጭማቂ በጀርም ላይ ይሞክራሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጀርሙ በመስታወት ሳህን ላይ ይዘራል፤ ጭማቂው የነካው ትንሽ ክብ ወረቀት መሐሉ ይቀመጣል። ጭማቂው ጀርም የሚገድል ከሆነ በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ካልሆነ ጀርሙ ወረቀቱ ሥር ድረስ ይበቅላል።

የሰው ዓይን ለወደደው እንዳያዳላ ጠርሙሶቹ ስም የላቸውም። መሪጌታ ሰባቱን ጠርሙሶች ራሳቸው ሞልተው በእጃቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ ብለው ጻፉባቸው። የትኛው ፊደል የትኛው ቅጠል እንደሆነ የሚናገረውን ወረቀት በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ቤታቸው አስቀመጡ፣ ሁለተኛውን አሽገው ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ይርጋለም ሰጡ። ወይዘሮ ይርጋለም አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ሃያ ዓመት የእጅ ጽሕፈት መርማሪ የነበሩ፣ እዚህ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የሆኑ፣ ምሥጢር የማያፈስ ሰው ናቸው።

የመሪጌታን ሞት ሲሰሙ ፖስታውን ቀደዱት፤ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመሮች ዓይናቸውን ያዙት። «ሠ፦ ባዶ፤ አልኮል፣ ውሃና አረንጓዴ የምግብ ቀለም።» «ሰ፦ ግራዋ።» ፋክሱ ደግሞ ከሰባቱ ጀርም የገደለው አንድ ብቻ ነው ይላል። ሠ።

በሩ ተንኳኳ። ሩሃማ ናት፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አሜሪካ ያደገች፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ይርጋለም፣ ፖስታው እርስዎ ጋ ነው አይደል? ፕሊስ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ግራዋው ሠርቷል?»

«ለምን ቸኮልሽ፣ ልጄ?»

«አክስቴ ብርሃኔ። ደብረ ታቦር ያለችው፣ የአባዬ እህት። እግሯ ኢንፌክሽን ሆኖ ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ ትሞታለች ብለዋል። ከሐሙስ ወዲያ አንጠብቅም አሉ። እኔ ዓርብ ኮል አድርጌ፣ ‘እንዳታስቆርጪ፣ የአባዬ ግራዋ ሠርቷል፣ እየመጣልሽ ነው’ አልኳት። ሚናስ ጠርሙሱን ራሱ አሽጎ ቅዳሜ በሰው እጅ ላከላት። አሁን አባዬ የለም። የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

«ግራዋው መሥራቱን ማን ነገረሽ?»

ሩሃማ የተቀደደውን ፖስታ አየችና ዓይኗን ሰበረች። «ሚናስ… ሪዛልቱ አሪፍ ነው አለኝ። አባዬም ሁልጊዜ ግራዋ ግራዋ ይል ነበር።»

ወይዘሮ ይርጋለም ወረቀቱን አጠፉት። ሁለት መንገድ ብቻ ታያቸው። ሠ እና ሰ በስሕተት ተቀያይረው ከሆነ፣ ጀርም የገደለው በእርግጥ ግራዋ ነው፤ የብርሃኔ እግር ይተርፋል። ባዶው ውስጥ ሰው አንድ ነገር ጨምሮበት ከሆነ ግን ወደ ደብረ ታቦር የሄደው ጠርሙስ ከጎመን ውሃ አይሻልም።

«እስከ ነገ ስጪኝ» አሉ። «አሁን ቤታችሁን አሳዪኝ።»

አምስተኛ ፎቅ በሩ ላይ በሩሃማ እጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «የአባቴ የመሪጌታ ሰረቀብርሃን ለቅሶ እዚህ ነው።» ወይዘሮ ይርጋለም ቆመው አነበቡት። ከልማድ ነው፤ የጽሕፈት ሰው ግድግዳም ቢሆን ሳያነብ አያልፍም። ከማስታወቂያው ሥር ሟቹ ራሳቸው የለጠፉት የስም ወረቀት አለ፤ «ሠረቀብርሃን»።

ሳሎኑን በለቀስተኞች መሐል ቀስ ብለው ዞሩት። የወረቀቱ የመጀመሪያ ቅጂ የለም።

«መርፌው የት ተገኘ?»

«መታጠቢያ ቤት፣ የላይኛው ቁም ሳጥን ውስጥ። ፖሊሶቹ ወሰዱት። እትዬ፣ አባዬ ያንን ከኪሱ አውጥቶ አያውቅም። ሲተኛ እንኳ ፒጃማው ኪስ ውስጥ ነው።»

«ይህቺን ማንኪያ ማን አጠባት?» አንዲት የሻይ ማንኪያ ብቻዋን ማድረቂያው ላይ ተኝታለች።

ሩሃማ በለቅሶዋ መሐል ፈገግ አለች። «አባዬ አይደለም። አባዬ ማንኪያ አጥቦ አያውቅም። ትናንት ጠዋት ሁሉንም አጥቤ መሳቢያ ከትቼ ነው ወደ ሺፍቴ የሄድኩት።»

*

ከቫን ዶርን ጣቢያ ባቡር ተሳፍረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲወርዱ ረፋድ ሆኗል። የምንጣፍ መደብሩን ጎን ደረጃ ወጡ። ክፍሉ የአልኮልና የበሰበሰ ሾርባ ሽታ አለው። ማቀዝቀዣው ሲከፈት ስድስት ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። የሰባተኛው፣ የሠ፣ ቦታ ባዶ ነው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር አምሃ ሃምሳውን ያለፉ፣ ሲናገሩ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። «ቅዳሜ ዕለት መሪጌታ ይዘውት ሄዱ» አሉ። «ለምን ብላቸው፣ ‘ምላሴ ከእናንተ ሳህን ይበልጣል’ አሉኝ። የሠሩትን መድኃኒት ሁሉ መጀመሪያ ራሳቸው ይቀምሳሉ። የአባቶቻቸው ደንብ ነው፤ ሰጪ ሳይቀምስ አይሰጥም።»

«ፖስታውን ከፍቻለሁ። ጠርሙሱ ግን ቤታቸው የለም።»

«የለም?» ዶክተሩ ተቀመጡ። «በየትኛው ጀርም ይሆን የምቀጣው እኔ! ወይዘሮ ይርጋለም፣ ፖስታውን ከፍተዋል፤ ሠ ምንድን ነው? የትኛው ቅጠል ነው? ዓርብ መድኃኒቱን ሊገዙ የኩባንያ ሰዎች ይመጣሉ፤ የምለው የለኝም።»

«ነገ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ይህን ሰንጠረዥ ያስረዱኝ። ሠ በሦስት ሳህኖች ትልልቅ ቀለበት ሠርቷል። በአራተኛው ምንም የለም። አራተኛው ምን የተለየ ነገር አለው?»

«ጀርሙ ነዋ። ያኛው ከሆስፒታል የመጣ ነው፤ ፔኒሲሊንን ሰባብሮ የሚበላ…» ዶክተር አምሃ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። መነጽራቸውን አወለቁ። «አይደረግም» አሉ ቀስ ብለው።

«ፔኒሲሊን እዚህ አለ?»

«ለማወዳደሪያ። ዱቄቱ ያ መደርደሪያ ላይ ነው። ቁልፍ ያለን ሦስታችን ነን፤ እኔ፣ ሚናስና ሀቢብ።»

ሀቢብ ጌይተርስበርግ ውስጥ ፋርማሲ ያለው፣ የክፍሉን ኪራይ የሚችል ሰው ነው። ያን ሰዓት የጓንት ካርቶን ተሸክሞ ገባ፤ ፖስታው መከፈቱን ነገሩት።

«እትዬ! ነፍስ ይማር። የትኛው ቅጠል ነው እባክዎ? ለዚህ ክፍል የገባሁበት ዕዳ ሳያንስ፣ ስሙን እንኳ ሳላውቅ ልበድ ነው!»

«ያቺን ጠርሙስ አቀብለኝ፤ ረ የሚለውን።»

ሀቢብ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ ሳቀ። «ያሾፋሉ? እኔ ጅዳ ነው የተማርኩት። የእናንተ ፊደል ለእኔ የተደረደረ ወንበር ነው፤ አንዱ እግሩ የተሰበረ፣ አንዱ መደገፊያ ያለው። በቁጥር ይጻፉ ብዬ መሪጌታን ስለምናቸው መቼ ሰሙኝ?»

ሚናስን ጓዳ ውስጥ፣ ሳህን ሲያጥብ አገኙት። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ። ወረቀቶቹን ጭማቂ የሚያስነካውም፣ ቀለበቱን የሚለካውም እሱ ነው። የሩሃማ እጮኛ መሆኑን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

«እርስዎንም ያጽናዎት፣ እትዬ። አባቴ ነበሩ። ወረቀቴን የያዘልኝ ይህ ሥራ፣ ሥራውን ያስገቡኝ ደግሞ እሳቸው።»

«ሥራው ቢዘጋስ?»

«እመለሳለኋ። ቪዛዬ የላቦራቶሪው ነው።» ፈገግ አለ። «አሁን ግን አይዘጋም። ውጤት አለን።»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ሳህን ሳጥብ።»

«ፖስታውን ከፍቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ይርጋለም። «ጀርም የገደለው ሠ መሆኑንም አይቻለሁ።»

«ተመስገን» አለ ሚናስ። ሌላ ሳህን አነሣ። ውሃው ይፈሳል። ወይዘሮ ይርጋለም ቆመው ጠበቁ፤ ሳህኑን አጠበ፣ አንጠባጠበ፣ ደረደረ፤ ሌላ አነሣ። ሦስት ሳህን እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ደኅና ዋል ብለውት ወጡ።

*

ማክሰኞ ከሰዓት ለቅሶው ቤት ሰው ሳሳ። ወይዘሮ ይርጋለም የቀሩትን ጎረቤቶች በትሕትና ወደ እሳቸው ቤት ላኩና በሩን ዘጉት። ሳሎኑ ውስጥ አምስት ሰዎች ቀሩ፤ ሩሃማ፣ ሚናስ፣ ዶክተር አምሃ፣ ሀቢብ፣ እና ከፍርድ ቤት የሚያውቁት የፖሊስ መርማሪ ዋልተርስ። ለቀስተኞቹ እምቢ የማይባል ምግብ በሳህን አሸክመውት መርማሪው ጉልበቱ ላይ ይዟል።

«ሩሃማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው» ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ይርጋለም። «ግራዋው ይሠራል ወይ? ለእሱ መልስ ስፈልግ ሌላውን አገኘሁት። ጀርም የገደለችው ጠርሙስ ሠ ናት። መሪጌታ በጻፉት ወረቀት ሠ ባዶ ናት።»

«ባዶ?» ሀቢብ ካርቶን እንደወደቀበት ጮኸ። «በምግብ ቀለም ነው እንዴ ጀርም የምንገድለው?»

«ይቆዩ። ግራዋው በሰ ነው የተጻፈው። እንግዲህ መሪጌታ ሁለቱን ፊደሎች አምታተው ይሆን? አይሆንም። እኔ የእጃቸውን ጽሕፈት በማጉያ አይቻለሁ፤ በቀሩት ስድስት ጠርሙሶች ላይ ያለው ሁሉ የእሳቸው ነው። ደግሞ እሳቸው የቅኔ ቤት ሰው ናቸው። ሠ እና ሰ ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለእሳቸው ግን አንዱ ‘ንጉሡ ሠ’፣ ሌላው ‘እሳቱ ሰ’ ነው። በስልክ እንኳ ስም ሲያስጽፉ እንዲያ ካላሉ አያልፉም። የተቀያየረ ጠርሙስ የለም። በባዶው ላይ ግን የተጨመረ ነገር አለ። ዶክተር፣ ምን ነበር?»

«ፔኒሲሊን» አሉ ዶክተር አምሃ። «ሦስቱን ጀርሞች ገደለ፤ ፔኒሲሊን የሚበላውን አራተኛውን አልነካም። ትናንት ሌሊቱን ሰንጠረዡን ደግሜ አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።»

«መሪጌታ ቅዳሜ ወረቀታቸውን ከፈቱ። ባዶው ጀርም መግደሉን አዩ። እሳቸውም እንደ እኔ ‘ተቀያይሮ ይሆን?’ አሉ። የሚለዩበት መሣሪያ ግን ከእኔ ይበልጣል። ግራዋ ከሆነ ይመራል፣ ባዶ ከሆነ አልኮል አልኮል ይላል። ስለዚህ እሑድ በማንኪያ ቀመሱት። ያች ማንኪያ ናት ታጥባ የተገኘችው። ያጠባት፣ ጠርሙሱንና ወረቀቱን ይዞ የወጣው፣ መርፌውን መታጠቢያ ቤት የሰቀለው ሰው አብሯቸው ነበር።»

ሩሃማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አሁን ማነው? አስቡት። ፔኒሲሊን የጨመረው ሰው ባዶ ጠርሙስ ውስጥ መጨመር አልፈለገም፤ ያ ራስን ማጋለጥ ነው። የፈለገው ግራዋው ውስጥ፣ እሳቱ ሰ ውስጥ ነበር። እጁ ግን ንጉሡ ሠ ላይ አረፈ። ሁለቱም ጠርሙሶች ፊቱ ተደርድረው ሳለ ለምን ተሳሳተ? ወረቀቱን ቢያይ አይሳሳትም። መሪጌታ ነግረውት ቢሆን አይሳሳትም። ሌላ ሰው ነው የነገረው፤ ወረቀቱን አይቶ፣ ፊደሉን በትክክል አይቶ፣ ሲነግር የሳተ ሰው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሩሃማ፣ የአባትሽን ወረቀት አይተሻል።»

ሩሃማ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ተኝቶ እያለ» አለች። «ለአክስቴ ብዬ ነው። ግራዋ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ብቻ ፈልጌ…»

«ለሰው ስትናገሪ ምን ብለሽ ተናገርሽ?»

«ሰ ነው አልኩ። ‘የትኛው ሰ?’ አለኝ። እኔ ስንት ሰ እንዳለ አላውቅም፣ እትዬ። የአባዬ ስም የሚጀምርበት ነው አልኩት።»

ወይዘሮ ይርጋለም ሄደው በሩን ከፈቱ፤ ማስታወቂያውንና የስም ወረቀቱን ጎን ለጎን አሳዩ። «አንቺ የአባትሽን ስም በእሳቱ ሰ ትጽፊዋለሽ። አባትሽ በንጉሡ ሠ ነው የሚጽፉት። የሰማሽ ሰው የአባትሽን ፊርማ የሚያውቅ፣ ፊደል የተማረ ሰው ነው። ስለዚህ ሀቢብ አይደለም፤ ለእሱ ሁሉም ወንበር ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሀቢብ።

«ቀሩ ሁለት። ትናንት ሦስታችሁም ፖስታውን እንደከፈትኩ አወቃችሁ። ዶክተር አምሃ መጀመሪያ የጠየቁኝ ‘የትኛው ቅጠል ነው?’ ብለው ነው። ሀቢብ ካርቶኑን ሳያስቀምጥ ‘የትኛው ቅጠል ነው?’ አለ። ቀለበቱን በገዛ እጁ የለካው፣ ከሁሉ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው ግን ሦስት ሳህን እስኪያጥብ ቆሜለት አልጠየቀኝም። ሠ ምን እንደነበረ እሑድ ዕለት አይቷልና።»

ሩሃማ ቀስ ብላ ዞረች። «ሚናስ?»

ሚናስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ነው። «አንድ ጠብታ ናት የቀመሱት» አለ፣ ስለ ሰንጠረዥ እንደሚያወራ ሰው። «ጠርተውኝ ነው የሄድኩት። ለዶክተሩ ከመንገራቸው በፊት እንዳያዋርዱኝ አስበው። ቀመሱና ‘ግራዋ አይደለም’ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ያዙ። ኪሳቸውን መክፈት አቃታቸው። መርፌውን እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው። በዓይናቸው አመሰገኑኝ።»

«ከዚያስ?» አሉ ወይዘሮ ይርጋለም።

«ከዚያ ወሰድኩት። እንዲያ ላደርግ አስቤ አልሄድኩም። በእጄ ይዤው ሳለ፣ ሳልሰጣቸው ብቀር ሁሉም ነገር እንዳለ እንደሚቀጥል ታየኝ። ዘጠኝ ደቂቃ ነው የፈጀው።»

«ሰዓት አይተሃል ማለት ነው።»

ወይዘሮ ይርጋለም ቃል በቃል ለመርማሪው ተረጎሙለት። ዋልተርስ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠና በመርፌው ላይ የሁለት ሰው አሻራ እንደተገኘ ተናገረ። ያንንም ተረጎሙት። ሚናስ ለመቆም ሲነሣ ሩሃማ እጅጌውን ያዘችው፤ ለመምታት የመጣች መስሎት ፊቱን ከለለ።

«ለብርሃኔ የላክኸው ጠርሙስ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ግራዋ ነው። ንጹሕ ግራዋ።»

«ይሠራል?»

«ሳህን ላይ ምንም አላደረገም።»

«ስታሽገው ታውቅ ነበር?»

«ዓርብ ለክቼዋለሁ። አራተኛው ሳህን ላይ ቀለበት አልነበረም።»

«ለምን ላክኸው ታዲያ?»

ሚናስ የገረመው ይመስል አያት። «ደስ ብሎሽ ነበር እኮ» አለ።

*

ደብረ ታቦር፣ ከአክስቷ ጎረቤት ሱቅ ውስጥ አንድ ስልክ አለ። ዓርብ ዕለት ሩሃማ «እንዳታስቆርጪ» ያለችው በዚያ ነው። ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባለሱቁ በራሱ መልሶ ደውሎ ነበር፤ ብርሃኔ ከሐኪም ቤት ወጥታለች፣ ቤቷ ሆና መድኃኒቱን ትጠብቃለች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን ብላለች፤ ከኋላው የሴቶች እልልታ ይሰማ ነበር።

ማክሰኞ መስመሩ ይጮኻል፣ አይነሣም። ረቡዕ ጭራሽ አልጮኸም። ወይዘሮ ይርጋለም የሐኪም ቤቱን ቁጥር ከዶክተር አምሃ ወዳጆች አፈላልገው አገኙ፤ ያነሣው ዘበኛ እንዲህ ያለች በሽተኛ የለችም፣ ወጥታለች ብሎ ዘጋው። ያኔ ሩሃማ ቴሌግራም ይላክ አለች።

«እኔ ልጻፈው?» አሏት።

«አይ። እኔ ነኝ የነገርኳት።»

በቴሌግራም ቢሮው ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ሦስት ጊዜ ጽፋ ቀደደች። አራተኛውን ለሠራተኛው ሰጠችው፤ ቃላቱን ቆጥሮ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ሄዷል አላት።

«ብርሃኔ። መድኃኒቱ ውሸት ነው። ጠርሙሱን ድፊው። ዛሬውኑ ተመልሰሽ እግርሽን አስቆርጪ። ስሕተቱ የኔ ነው። መቆረጡን ብቻ አስታውቂኝ። ሩሃማ።»

ሐሙስ አባቷን ቀበረች። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ሥራ አልሄደችም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቴሌግራም ልትልክ ሄዳ፣ ሠራተኛው መዝገቡን ገልብጦ የመጀመሪያው መድረሱን አሳያት፤ ተቀባይ፣ ፊርማ የለም፣ የአውራ ጣት አሻራ።

የማን ጣት እንደሆነ አልተጻፈም። መልስ አልመጣም።